ሕመምተኛን ስለ መጠየቅ

በአጋሮ ከተማና በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና አገሮች ሁሉ ሕመምተኛን መጠየቅ የከበረ ወግ ነው። አንድ ሰው ታሞ ተኛ የተባለ እንደ ሆነ ጎረቤቱና ዘመዱ፣ የዕድሩም ሰው፣ ክርስቲያንም ቢሆን ሙስሊምም ቢሆን፣ ሥራውን አቋርጦ ይሄዳል፤ ሕመምተኛው ወደ ሐኪም ቤት ገብቶ እንደ ሆነም ምግብ ቋጥሮ በአልጋው ግርጌ ቆሞ እንዴት አደርህ ብሎ ይጠይቀዋል። ሕመምተኛውም ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን ያደረ ቢሆን እንኳ፣ ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙስሊሙም አልሐምዱሊላህ ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ የሃይማኖትና የጨዋነት መልስ ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ጠያቂው ጎረቤት መሆኑ ቀርቶ ሐኪም ወይም ነርስ በሆነ ጊዜ፣ ያው መልስ ሕመም የለውም ተብሎ ሊተረጐም ይችላል፤ ሕመምተኛውም መድኃኒቱ ከአልጋው ጥቂት እርምጃ ርቆ በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሲሠቃይ ያድራል።

እንግዲህ ሕመምተኛን መጠየቅ የሚባለው ነገር ሁለት ዓይነት መሆኑን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ለማጽናናት የሚደረግ ጥየቃ ነው፤ ይህን የአገራችን ሕዝብ ከአባቶቹ ስለ ወረሰው ከማንም መማር አያሻውም። ሁለተኛው ለማወቅ የሚደረግ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሕመሙ የት እንደ ሆነ፣ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ምን ያህል እንደ ጠናና መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ምን ያህል እንደ ቀነሰ መርምሮ በመዝገብ መጻፍ ነው። በዘመናችን ስለ ሕመም ማስታገሻና ስለ ሕክምና አገልግሎት ጥራት የተደረገው ምርምር አበክሮ የሚያስረዳው፣ በብዙ ሐኪም ቤት የሚጎድለው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ መሆኑን ነው።

አጋሮ በጎማ ወረዳ ምድር፣ ከጅማ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ጎማም በቀድሞ ዘመን ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ የነበረ፣ ዛሬም በቡናው የታወቀ አገር ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቡናው በሚቀላበት ወራት፣ ለቃሚው ከቅርብም ከሩቅም ይሰበሰባል። በዚህ ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። ቅርንጫፍ ሲያጎነብስ የሚወድቅ አለ፤ የጥላውን ዛፍ ሲመለምል ገጀራ የሚቆርጠው አለ፤ ጆንያ ተሸክሞ ወገቡ የሚያዝ አለ፤ በባጃጅና በሞተር ብስክሌት የሚገለበጥም አለ። ቀለል ያለው ጉዳት እዚያው በአጋሮ ሐኪም ቤት ይታከማል፤ የከበደው ወደ ጅማ ይላካል። የጭን አጥንቱ የተሰበረ ሰው እግሩ በሚገባ ሳይታሰርና ማስታገሻ ሳይወስድ ያን 45 ኪሎ ሜትር የተጓዘ እንደ ሆነ፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር የሚሰማውን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ለነገሩ መጓደል አንዱ ምክንያት በቋንቋው ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። በአማርኛ ሕመም የሚለው ቃል በሽታውንም፣ በሽታው የሚያመጣውን ሥቃይም በአንድነት ይይዛል። በግእዝም ሕማም የሚለው ቃል እንዲሁ ነው፤ ካህናት ሰሙነ ሕማማት ሲሉ ሥቃይን እንጂ በሽታን ማለታቸው እንዳልሆነ ሁሉ ያውቃል። በአፋን ኦሮሞም ና ዹኩባ የሚለው አነጋገር ታምሜአለሁ ለማለትም፣ ያመኛል ለማለትም ያገለግላል። ቃሉ አንድ በመሆኑ፣ በሽታውን ያከመ ሐኪም ሥቃዩንም ያከመ ይመስለዋል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። አጥንቱ በሚገባ ተጠግኖ ሳለ ሥቃዩ ሊቀር ይችላል፤ በሽታው የማይድን ሆኖ ሳለም ሥቃዩ ሊታገስ ይችላል።

ይሁን እንጂ ይኸው ቋንቋ የሕመምን ዓይነት ለመለየት እጅግ የበለጸገ ነው። ውጋት፣ ቁርጠት፣ ቁርጥማት፣ ፍልጠት፣ ምጥ የተባሉት ስሞች እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ ነገር ያመለክታሉ። ሕመምተኛው ይጠዘጥዘኛል ሲልና ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል ሲል ለአስተዋይ ሐኪም የምርመራውን እኩሌታ ነግሮታል። የሚያቃጥልና የሚነዝር ሕመም ብዙ ጊዜ ከነርቭ ጉዳት የሚመጣ ነው፤ አልማዝ ባለ ጭራ የተባለው በሽታ ከዳነ በኋላ የሚቀረው ሥቃይ፣ የስኳር በሽታም በእግር ላይ የሚያመጣው ማቃጠል ከዚህ ወገን ናቸው። እንዲህ ላለው ሕመም ፓራሲታሞል እምብዛም አይረዳም፤ የሚረዱት አስቀድሞ ለድባቴ የተሠራው አሚትሪፕቲሊንና ለሚጥል በሽታ የተሠራው ጋባፔንቲን ናቸው። እንግዲህ ሕመምተኛው በራሱ አነጋገር እንዲናገር አንድ ደቂቃ የሰጠው ሐኪም፣ የማይጠቅም መድኃኒት ለወራት ከመስጠት ይድናል።

ስለዚህ ነገር በጅማ የተደረገ አንድ ጥናት አለ፤ ለአጋሮ ሰው ከሩቅ አገር ጥናት ይልቅ የሚቀርበው ይህ ነው። የጅማው ሐኪም ቤት በ1930 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገሩን ይዞ በነበረበት ዘመን ለወታደሮቹ መታከሚያ የተሠራ ሲሆን፣ ከነጻነት በኋላ ለሕዝቡ አገልግሎት ዋለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ መዋሐድ ከተቋቋመ ወዲህም የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሐኪም ቤት ሆኖ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚኖር 15 ሚሊዮን ያህል ለሚገመት ሕዝብ የመጨረሻ መጠጊያ ነው። በዚህ ሐኪም ቤት በ2004 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 252 ሰዎች ስለ ሕመማቸው ተጠየቁ። ውጤቱም በ2006 ዓ.ም. ፕሎስ ዋን በተባለው ዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት ታትሞ ወጣ። ከመቶው 91.4 የሚሆኑት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመም ነበረባቸው፤ ከመቶው 80.1 የሚሆኑት ደግሞ የሚገባቸውን ያህል ማስታገሻ አላገኙም። የሕመማቸው ጥናት ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ሲመዘን መካከለኛው 6.72 ሆኖ ተገኘ።

ይህን የሚያነብ ሰው ሐኪም ቤቱን ለመውቀስ መቸኰል አይገባውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 (ከዚህ በታች የውጭ አገር ነገር በተነሣ ጊዜ ሁሉ ዓመቱ በዚሁ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ በዚያ ባለጸጋ አገር እንኳ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ሕመም እንደ ነበራቸው ገልጿል። ሐኪም ቤት በሩን ከፍቶ ሕመምተኞቹ እንዲጠየቁ መፍቀዱና ውጤቱ ሳይደበቅ መታተሙ የሚያስመሰግን ነው። ያልተጠየቀበት ሐኪም ቤት ንጹሕ መስሎ የሚታየው ስላልተጠየቀ ብቻ ሊሆን ይችላልና።

ማስታገሻው የሚጎድልበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ከሁሉ የሚከፋው በሕመምተኛው ካርድ ላይ ሲያመው ይሰጠው ተብሎ የሚጻፈው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ሲያዩት ደግ ይመስላል። ነገር ግን አሠራሩን የተመለከተ ሰው ጉዳቱን ያገኘዋል። ሕመምተኛው መጀመሪያ እስኪያመው ይቆያል፤ ካመመው በኋላ እየታገሠ ይቆያል፤ መታገሥ ሲያቅተው አስታማሚውን ይልካል፤ አስታማሚው ነርሷን እስኪያገኛት፣ ነርሷም የያዘችውን ሥራ እስክትጨርስና ቁልፉን እስክታመጣ ሌላ ጊዜ ያልፋል፤ መድኃኒቱም ከተሰጠ በኋላ እስኪሠራ ይቆያል። ጀርባ ላይ የወጣ ሕመምን ለማውረድ ደግሞ ሳይነሣ ለመከልከል ከሚበቃው የሚበልጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሊቃውንቱ መድኃኒቱ በሰዓቱ ይሰጥ ይላሉ፤ ሥራው የሚቆየው 6 ሰዓት ከሆነ፣ ሕመምተኛው ለመነም አለመነም፣ በየ6 ሰዓቱ ይሰጠው ማለት ነው። ፓራሲታሞል ለአዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ 1 ግራም፣ በቀንና በሌሊት ከ4 ግራም ሳይበልጥ የሚሰጠው በዚህ ሥርዓት ነው። ለዚህ አዲስ ሕንጻም አዲስ መሣሪያም አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የትእዛዙን ቃል መለወጥ ነው።

ሕመምን ችሎ ማለፍ ጉዳት የሌለው ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሆዱን ተቀዶ የተሰፋ ሰው ግን ስፌቱ ካመመው አይስልም፣ በረጅሙም አይተነፍስም፤ ስለዚህ አክታው በሳንባው ተጠራቅሞ የሳንባ ምች ሊይዘው ይችላል። ካመመው ተነሥቶ አይራመድም፤ ስለዚህ በእግሩ ደም ሊረጋ ይችላል። ተገቢውን ማስታገሻ ሳያገኝ የቀረ ሕመም አንዳንድ ጊዜ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ለወራትና ለዓመታት ሥር ሰድዶ ይቀራል። በዚህም ምክንያት ሰውየው አልጋውን ቶሎ አይለቅም፤ ከአጋሮ ወይም ከሊሙ የመጣው ሌላ ሕመምተኛ ተራውን ሲጠብቅ በኮሪደር ይተኛል። የሐኪም ቤት አስተዳዳሪዎች ስለ አልጋ እጥረት ሲመካከሩ ይህን ነገር ከሒሳቡ ቢያገቡት መልካም ነበር።

የሕመም አካሄድ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሰውነት በተጎዳ ጊዜ በቁስሉ ዙሪያ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ይፈልቃል፤ ይህም የነርቮቹን ጫፍ ያነቃል። ነርቮቹም ወሬውን ወደ ኅብለ ሰረሰር፣ ከዚያም ወደ አንጎል ያደርሳሉ። ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1965 እንዳስረዱት፣ በኅብለ ሰረሰሩ ላይ ወሬውን የሚያሳልፍ ወይም የሚያግድ እንደ በር ያለ ነገር አለ፤ እናት የልጅዋን የተመታ ጉልበት ስታሻሽለት ሕመሙ የሚቀልለት ስለዚህ ነው። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ምንጩን ያደርቃሉ፤ ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ መንገዱን ይዘጋል፤ ሞርፊን በኅብለ ሰረሰሩና በአንጎል ላይ ይሠራል። ከእነዚህ ከሁለት ከሦስቱ በየጥቂቱ አጣምሮ መስጠት አንዱን ብቻ በብዛት ከመስጠት የሚሻል መሆኑ ዛሬ በሐኪሞች ዘንድ የተረጋገጠ ነው።

ካህናት በዚህ ነገር ላይ የሚኖራቸው ሐሳብ ቀላል አይደለም፤ ሕዝቡ ስለ መከራ የሚያስበውን ያስተማሩት እነርሱ ናቸውና። በ1846 በቦስተን ከተማ ኤተር የተባለው ማደንዘዣ በሕዝብ ፊት በቀዶ ሕክምና ላይ ዋለ። በዓመቱም በኤዲንብራ ጄምስ ሲምፕሶን የተባለው ሐኪም ክሎሮፎርም ለሚያምጡ ሴቶች መስጠት ጀመረ። በዚያን ጊዜ የምጥ ሕመም በሔዋን ላይ የተፈረደ ስለ ሆነ ሰው ሊያቀልለው አይገባም የሚሉ ተነሡ። ሲምፕሶንም ከዚያው ከኦሪት ዘፍጥረት መለሰላቸው፤ እግዚአብሔር ከአዳም ጎን አጥንት በወሰደ ጊዜ አስቀድሞ ከባድ እንቅልፍ እንዳመጣበት አሳሰባቸው። በ1853 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በክሎሮፎርም ከወለደች በኋላ ክርክሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። የሮማው ፓፓ ፒዮስ 12ኛም በ1957 ለማደንዘዣ ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ ሥቃይን ማስታገስ በሃይማኖት የተከለከለ እንዳልሆነ ገለጹ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያንም ነገሩ ለማስተዋል ሰው ግልጽ ነው። ጻድቃን በገዛ ፈቃዳቸው የተቀበሉት ተጋድሎ አክሊል ሆኖላቸዋል፤ ይህ ማለት ግን አንዱ የሌላውን ሰው ሥቃይ እየተመለከተ ታገሥ ይለው ዘንድ ይገባል ማለት አይደለም። በወንጌል የተነገረለት ደግ ሳምራዊ በቁስለኛው ቍስል ላይ ዘይትና ወይን ማፍሰሱን ካህናት ለሕዝቡ ሁልጊዜ ያስተምራሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም ለሕሙማን ጸሎተ ቀንዲል ሠርታ ዘይት ትቀባቸዋለች። የሲራክ መጽሐፍ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምንና ከምድር የሚገኘውን መድኃኒት ያከብራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ማስተማራቸው የሚታወስ ነው። ሥቃይን ስለሚያስታግስ መድኃኒትም ቃሉ ይኸው ቢሆን የሚቃወም ያለ አይመስልም። በጎማ ምድር አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ስለ ሆነ፣ የመስጊዱ ሼኾችም ይህን ነገር ለሕዝቡ ቢያስረዱ ጥቅሙ ታላቅ ይሆናል። ሴትዮዋ በምጥ ጊዜ እንዳትጮኽ፣ ወንዱም አጥንቱ ሲጠገን ፊቱን እንዳያጨማድድ ያስተማረው ባህል ጀግንነትን ያከበረ ባህል ነው፤ ሐኪም ቤት ግን የጀግንነት መፈተኛ አይደለም።

ስለ ሞርፊን ብዙ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይህ መድኃኒት ኦፒየም ከተባለው ተክል ጭማቂ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሰርቲዩርነር በተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ተለይቶ የወጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 ስለ ካንሰር ሕመም ባወጣው መመሪያ ማስታገሻዎችን በመሰላል መሰላቸው፤ በመጀመሪያው እርከን ፓራሲታሞልና አስፒሪን፣ በሁለተኛው ኮዴይንን የመሰሉ፣ በሦስተኛው ሞርፊን ይገኛሉ። ሞርፊን ውድ መድኃኒት አይደለም። ዱቄቱ ከውኃ ጋር ተበጥብጦ በጠርሙስ ሲሰጥ ለድሃ ሰው እንኳ የሚቀመስ ዋጋ አለው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ በ2017 እንዳስታወቀ ግን፣ በዓመት በዓለም ከሚታደለው 298.5 ቶን ከሞርፊንና ከዘመዶቹ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። በዚያው ጽሑፍ በዓመት ከ61 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ማስታገሻ በሚያስፈልገው ከባድ ሥቃይ ውስጥ እንደሚያልፍ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ በድሆችና በመካከለኞች አገሮች እንደሚገኙ ተጽፏል።

ይህ የሆነው በገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም። በ1961 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት ሁለት ግዴታ ያዝዛል፤ አንደኛው መድኃኒቱ ወደ ሱስና ወደ ንግድ እንዳይሰረቅ መጠበቅ፣ ሁለተኛው ሥቃይን ለማስታገስ የማይታጣ መሆኑን አውቆ ለሕሙማን እንዲገኝ ማድረግ ነው። በብዙ አገር ባለሥልጣኖቹ የመጀመሪያውን በትጋት ሲፈጽሙ ሁለተኛውን ረሱት። ከዚህም በቀር እያንዳንዱ መንግሥት በየዓመቱ የሚፈልገውን መጠን አስቀድሞ ገምቶ ለዓለም አቀፉ የቁጥጥር ቦርድ ማስታወቅ አለበት። ግምቱ ባለፈው ዓመት ከተሠራበት መጠን ተነሥቶ የሚሠራ እንደ ሆነ፣ አምና ጥቂት ያወጣ ሐኪም ቤት ዘንድሮም ጥቂት ይጠይቃል፤ ጥቂት ስለ ጠየቀም ጥቂት ይሰጠዋል። ሕመምተኛው ስላልተጠየቀ ሕመሙ አልተጻፈም፤ ሕመሙ ስላልተጻፈ መድኃኒቱ አልታዘዘም፤ መድኃኒቱ ስላልታዘዘ አያስፈልግም ተባለ። ይህ ክብ የሚሰበረው ከላይ ሳይሆን ከአልጋው አጠገብ ነው።

እንደ እኛው የቡና አገር የሆነችው ኡጋንዳ በዚህ ነገር ቀድማ ተገኝታለች። በ1993 አን ሜሪማን የተባሉት ሐኪም ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳ የተባለውን ድርጅት አቋቁመው ፈሳሽ ሞርፊን ለማይድኑ ሕሙማን በቤታቸው እንዲደርስ አደረጉ። በ2004 ደግሞ የአገሩ መንግሥት በልዩ ትምህርት የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደ፤ በገጠር ሐኪም እንደማይገኝ ነርስ ግን እንደምትገኝ ተገንዝቧልና። በአገራችንም ሲስተር ጽጌሬዳ ይስፋወሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ሕሙማንን በየቤታቸው እየዞረ ሲረዳ ቆይቷል፤ ጤና ሚኒስቴርም ስለ ማስታገሻ ሕክምና አገር አቀፍ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያ መውጣቱ ግን አንድ ነገር ነው፤ በወረዳ ከተማ ባለ ሐኪም ቤት ሌሊት ተረኛ የሆነው ሰው አንብቦት መገኘቱ ሌላ ነው።

የሞርፊንን አደጋ የሚያነሡ ሰዎች ሐሰት አይናገሩም። በአሜሪካ ሐኪሞች እነዚህን መድኃኒቶች ለወገብና ለጉልበት ሕመም ሁሉ ያለ ልክ ሲያዙ ኖረው፣ ከዚያም ሕገ ወጡ ዕፅ ተጨምሮበት፣ በ2021 ብቻ ከልክ ባለፈ ዕፅና መድኃኒት የሞተው ሰው ከ100,000 በላይ ሆነ። በ2023 ላንሴት ላይ የታተመ የአውስትራልያ ጥናትም፣ በድንገት ለተነሣ የወገብና የአንገት ሕመም ኦፒዮይድ መስጠት ምንም መድኃኒት የሌለበትን እንክብል ከመስጠት እንደማይሻል አረጋገጠ። ስለዚህ ጆንያ ተሸክሞ ወገቡ ለተያዘው የአጋሮ ሠራተኛ ሞርፊን አይገባውም፤ የሚገባው አይዞህ ያልፋል የሚለው የሐኪም ቃል፣ ቀላል ማስታገሻና ከአልጋ ተነሥቶ መንቀሳቀስ ነው። አጥንቱ ለተሰበረው፣ ሆዱ ለተቀደደውና በካንሰር ለሚሠቃየው ግን በአሜሪካ የተደረገውን ብልሹ ሥራ ምክንያት አድርጎ መድኃኒቱን መከልከል ፍርደ ገምድልነት ነው። በጥር ወር 2025 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ሱዜትሪጂን የተባለ አዲስ ማስታገሻ ፈቅዷል፤ ይህም ከአንጎል ውጭ ባሉት ነርቮች ላይ የሕመሙን ወሬ የሚያግድ እንጂ እንደ ሞርፊን ያለ አይደለም። ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው። ነገር ግን ሲወጣ የአንዱ እንክብል ዋጋ 15 ዶላር ተኩል ስለ ነበረ፣ የጎማ ገበሬ እስኪደርሰው ድረስ በሣጥን ባለው መድኃኒት በሚገባ መሥራት ይሻላል።

የሕክምና ጥራት የሚባለውም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2018 በላንሴት መጽሔት የቀረበ የሊቃውንት ጥናት፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ሕክምና ሊያድናቸው ይችል ከነበረው በሽታ በዓመት 8.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ገመተ። ከእነዚህ 3.6 ሚሊዮን የሚሆኑት ሐኪም ቤት ያልደረሱ ናቸው፤ 5 ሚሊዮን የሚሆኑት ግን ደርሰው ሳለ በሚገባ ያልታከሙ ናቸው። ይህ ቍጥር ለሹማምንት የሚናገረው ነገር አለው። ሐኪም ቤት መሥራትና መመረቅ ለዓይን የሚታይ ሥራ ነው፤ በውስጡ የሚደረገው ግን ሪባን ስለማይቈረጥለት ይረሳል። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የአምስት ዓመት ዕቅዱ የጤና ባለሙያ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ እንዲሆን ማወጁ የሚመሰገን ነበር። ርኅራኄ ግን በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጽሑፍ አይለካም። የሚለካው የሕመምተኛው ሕመም በመጣ ጊዜ ስንት፣ ከመድኃኒቱ በኋላ ስንት እንደ ነበረ በካርዱ ላይ ተጽፎ ሲገኝ ነው። የትኩሳት፣ የደም ግፊት፣ የትንፋሽና የልብ ምት ቍጥር እንደሚጻፍ ሁሉ፣ የሕመሙም ቍጥር አብሮ ቢጻፍ፣ አስተዳዳሪው ወር በመጣ ቍጥር መዝገቡን ገልጦ ሐኪም ቤቱ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ይችላል።

ለአጋሮና ለመሰሎችዋ የሚያስፈልገው ዝርዝር ረጅም አይደለም። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ወደ ጅማ ከመላኩ በፊት እግሩ ተደግፎ ይታሰር፤ ማስታገሻ ይሰጠው፤ ምን እንደ ተሰጠውና በስንት ሰዓት እንደ ተሰጠው በመላኪያው ወረቀት ይጻፍ፤ ይህ ካልተጻፈ የጅማው ሐኪም ወይ እጥፍ ይሰጠዋል፣ ወይ ፈርቶ ይከለክለዋል። ሕፃን ሲከተብ እናቱ እያጠባችው ይሁን፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 የመከረው ይህ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም፤ ሕፃኑም ያለ ጥርጥር ያመዋል፤ ጨቅላ ልጅ ሕመም አይሰማውም የሚለው የቀድሞ ሐኪሞች ሐሳብ ሐሰት መሆኑ ከ1987 ጀምሮ ተረጋግጧልና።

በመከር ወራት የሚመጣው ለቃሚ ሁሉ አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ አያውቅም፤ ከከፋና ከዳውሮ የሚመጣም አለ። ፊደል ያልቈጠረም ከ0 እስከ 10 ቍጠር ቢሉት ይቸገራል። ለእንዲህ ያለው ሰውና ለልጆች ከሚስቅ ፊት እስከ የሚያለቅስ ፊት በተርታ የተሣሉበት አንድ ቅጠል ወረቀት አለ፤ ሕመምተኛው የራሱን በጣቱ ያመለክታል፤ ነርሷም ከሥሩ ያለውን ቍጥር ትጽፋለች። ወረቀቱ ከአልጋው ራስጌ ሊሰቀል ይገባል፤ ከአጠገቡም ሰዓት በሰዓት የሚሞላ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ሠንጠረዡን የሚመረምር ሹም ከሁሉ አስቀድሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ያለውን ቦታ ይመልከት። ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ካገኘው፣ ተረኛዋን ነርስ ከመቅጣቱ በፊት በዚያች ሌሊት ብቻዋን ስንት ሕመምተኛ ይዛ እንደ ነበርና የመድኃኒቱ ሣጥን ቁልፍ በማን እጅ እንዳደረ ይጠይቅ።